የአሮጌ ባለ ቫልቭ ማጉያዎች ንግድና የምንዛሪ ዋጋ
ከአሜሪካ ወደ ጃፓን፣ ከጃፓንም ወደ ውጭ

መግቢያ

የአንድ መሣሪያ ዋጋ በምን ይወሰናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መሐንዲስ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አሠራሩ ጥራት፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቀሪ ዕድሜውና ስለ መለዋወጫው ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ደግሞ ስለ ፈላጊው ብዛትና ስለ ዕቃው ማነስ ያስባል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የአገር ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ በሆነ ጊዜ ከእነዚህ የማይተናነስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሌላ ኃይል ይገባበታል፤ ይኸውም የገንዘብ ምንዛሪ ዋጋ ነው።

ለዚህ አሳብ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ የሚገኘው ባለ ቫልቭ የድምፅ ማጉያ ወይም በተለምዶ አምፕሊፋየር የሚባለው መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ተሠርቶ፣ በአሜሪካ ተንቆ፣ በጃፓን እንደ ቅርስ የተሰበሰበው ይህ መሣሪያ በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ ያደረገው ጉዞ የቴክኒክ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዶላርና የየን ታሪክም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. መሣሪያዎቹ ከየት መጡ?

ባለ ቫልቭ ማጉያ ከሙዚቃ አፍቃሪ ቤት ከመግባቱ በፊት በስልክ መሥመርና በሲኒማ ቤት ያገለግል ነበር። የቤል የስልክ ድርጅት የፋብሪካ ክንድ የነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ በ1920ዎቹ የድምፅ ፊልም ሲጀመር ለሲኒማ ቤቶች የሚሆኑ ማጉያዎችን ሠራ። እነዚህ መሣሪያዎች በ1927 በተቋቋመው ንዑስ ድርጅት አማካይነት ለሲኒማ ቤቶች የሚከራዩ እንጂ የሚሸጡ አልነበሩም። አከራዩ መሣሪያውን ለብዙ ዘመን መጠገን ግዴታው ስለነበረ ትራንስፎርመሩም፣ ሽቦውም፣ ሣጥኑም የተሠራው እንዲከርም ተደርጎ ነው። በ1930ዎቹ የወጣው 300ቢ የተባለው ትራዮድ ቫልቭም የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ብሪታንያዊው ዊሊያምሰን በ1947 ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ያሳተመው ንድፍ፣ የተጣራ የመውጫ ትራንስፎርመርና በቂ አሉታዊ ግብረ መልስ ከተገኘ የድምፅ መዛባትን ከመቶ አንድ በእጅጉ በታች ማድረግ እንደሚቻል ለብዙዎች አሳየ። በአሜሪካ የማኪንቶሽ ኩባንያ በ1949 የራሱን የመውጫ ትራንስፎርመር አጠቃለል ይዞ ብቅ አለ። በ1961 ያወጣው ኤምሲ275 በሁለት መሥመር እያንዳንዳቸው 75 ዋት የሚሰጥ፣ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ግራም የሚጠጋ መሣሪያ ነው። የማራንትዝ ኩባንያም ሞዴል 7 የተባለውን ቅድመ ማጉያና ሞዴል 9 የተባለውን የኃይል ማጉያ በዚያው ዘመን ለገበያ አቀረበ።

፪. የተናቁበት ዘመን

በ1960ዎቹ ትራንዚስተር መጣ። ቀላል ነው፣ አይግልም፣ ከባድ የመውጫ ትራንስፎርመር አይፈልግም፣ ቫልቭ በየጊዜው መለወጥም የለበትም። ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ዘዴ ዞሩ። ማራንትዝ በ1964 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ1970ዎቹም በዚህ ስም የሚሸጡት መሣሪያዎች በብዛት በጃፓን ይሠሩ ነበር። የኤምሲ275 ምርት በ1973 ቆመ።

በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የፕሮጀክተር ክፍሎች በአሮጌ ማጉያዎች የተሞሉ ነበሩ። ባለቤቱ ቦታ ማስለቀቅ ይፈልጋል፤ የተሻለው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ የቀረው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በክብደት ይሸጣል። የትራንስፎርመሩ መዳብ ከመሣሪያው የበለጠ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በዚህ ስፍራ ምሳሌ ሳይሆን ቃል በቃል ተፈጸመ።

በጃፓን ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በቶኪዮ የአኪሃባራ ሠፈር የራዲዮ ዕቃ የሚሸጡ ጠባብ ሱቆች ተሰብስበው ነበር። ከ1924 ጀምሮ የሚታተመው ሙሴን ቶ ጂክን የተባለው የራዲዮ ሙከራ መጽሔትም ለአንባቢዎቹ ማጉያ በእጅ የሚሠራበትን ንድፍ ያወጣ ነበር። በ1966 የጀመረው ስቴሪዮ ሳውንድ የተባለው መጽሔት ደግሞ የውጭ አገር መሣሪያዎችን በሰፊው ያስተዋውቅ ነበር። ንድፉን አንብቦ የተረዳ፣ ቫልቭ ለክቶ የሚያውቅ፣ ትራንስፎርመር የሚጠመጥም ሰው ብዙ ነበር። ስለዚህ ፍላጎቱ ገንዘቡን ቀድሞ ተፈጥሯል ማለት ይቻላል። የጎደለው ዶላር ነበር።

፫. ከ360 የን እስከ 122 የን

የጃፓን መንግሥት በኤፕሪል 1949 የአንድ ዶላርን ዋጋ 360 የን አድርጎ ወሰነ። ይህ ዋጋ ለሃያ ሁለት ዓመታት ያህል አልተለወጠም። በዚያው ዓመት የወጣው የውጭ ምንዛሪና የውጭ ንግድ መቆጣጠሪያ ሕግ ዶላር ማውጣትን በመንግሥት ፈቃድ ሥር አደረገው። በ1964 ለመዝናናት ወደ ውጭ መሄድ ለሕዝብ ሲፈቀድ እንኳ አንድ መንገደኛ ሊይዝ የሚችለው 500 ዶላር ብቻ ነበር። በዚህ ሁኔታ ከአሜሪካ አንድ አሮጌ ማጉያ ማስመጣት ለተራ ደመወዝተኛ የማይታሰብ ነገር ነው።

ሁኔታው መለወጥ የጀመረው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኦገስት 15 ቀን 1971 ዶላር በወርቅ መመንዘሩን ካቆሙ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በተደረገው የስሚዝሶንያን ስምምነት ዶላር ወደ 308 የን ወረደ። በፌብሩዋሪ 1973 የን በገበያ እንዲንሳፈፍ ሲለቀቅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ 265 ገደማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጉዞው ቀጥተኛ አልነበረም። ከነዳጅ ዘይት ቀውስ በኋላ የን ደከመ፤ በ1978 መጸው አንድ ዶላር 176 የን ገደማ ሆነ፤ በ1982 እንደገና ከ270 በላይ ወጣ። በዲሴምበር 1980 በሥራ ላይ የዋለው የሕግ ማሻሻያ ግን የምንዛሪ ሥራ በመሠረቱ ነፃ ይሁን፣ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ይሁን የሚል ስለነበረ ግለሰብና ትንሽ ነጋዴ በሩ ተከፈተላቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሴፕቴምበር 22 ቀን 1985 የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የምዕራብ ጀርመን፣ የፈረንሳይና የብሪታንያ የገንዘብ ባለሥልጣኖች በኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው የዶላርን ዋጋ በኅብረት ለማውረድ በተስማሙ ጊዜ ነው። ከስምምነቱ በፊት 240 ገደማ የነበረው ዶላር በ1986 መጀመሪያ 200 ገደማ፣ በ1987 መጨረሻ 122 ገደማ ሆነ። ጃፓናዊው ደመወዙ ሳይጨምር በዶላር ሲለካ ሀብቱ በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ።

፬. ስሌቱ ምን ያሳያል?

ነገሩን ለማብራራት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው። አንድ ማጉያ በአሜሪካ 1,000 ዶላር ይሸጣል፤ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪ 200 ዶላር ነው እንበል። ጠቅላላው 1,200 ዶላር በ360 ሂሳብ 432,000 የን፣ በ240 ሂሳብ 288,000 የን፣ በ122 ሂሳብ 146,400 የን ይሆናል።

አሁን ደግሞ የገዢውን ብዛት ያየው አሜሪካዊ ሻጭ ዋጋውን እጥፍ አድርጎ 2,000 ዶላር ጠየቀ እንበል። ማጓጓዣው ሲጨመር 2,200 ዶላር፣ በ122 ሂሳብ 268,400 የን ነው። ይህ ከቀድሞው 288,000 የን ያነሰ ነው። ሻጩ እጥፍ አገኘ፤ ገዢው ከበፊቱ ባነሰ ዋጋ ገዛ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

በዚህ ስምምነት ውስጥ በጠረጴዛው ዙሪያ ያልተቀመጠ ሦስተኛ ሰው አለ። እርሱም ደመወዙን በዶላር የሚቀበለው አሜሪካዊ ባለሙያ ወይም ሙዚቃ አፍቃሪ ነው። ትናንት በ1,000 ዶላር ሊገዛው ይችል የነበረው የአገሩ መሣሪያ ዛሬ 2,000 ሆኖበታል፤ ከጃፓናዊው ጋር ሊወዳደር አይችልም። የምንዛሪው ለውጥ ያስገኘውን ጥቅም ሻጩና ገዢው ሲከፋፈሉት ዕዳው በእርሱ ላይ ወደቀ።

የአዲስ መሣሪያ ገበያ ቢሆን ነገሩ በዚህ አይቀጥልም ነበር። ፍላጎት ሲጨምር ፋብሪካው ብዙ ያመርታል፤ ዋጋውም ይረጋጋል። አሮጌ ማጉያ ግን ምርቱ የቆመ ነው፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አቅርቦቱ ሊለጠጥ የማይችል ዕቃ ሲሆን የፍላጎቱ ጭማሪ በሙሉ በዋጋው ላይ ይወድቃል። የምንዛሪ ለውጥ ከሌላው ንግድ ይልቅ በዚህ ንግድ ላይ የጎላ ምልክት የተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። ከውል እስከ ክፍያ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በሴፕቴምበር 1985 በ240 ሂሳብ 1,200 ዶላር ለመክፈል የተዋዋለ ነጋዴ 288,000 የን አስቦ በሚቀጥለው ጃንዋሪ በ200 ሂሳብ 240,000 ብቻ ከፈለ። ያለ ምንም ሥራ 48,000 የን አተረፈ። በአንጻሩ በኤፕሪል 1995 ዶላር 80 የን በነበረበት ጊዜ ተዋውሎ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በ100 ሂሳብ የከፈለ ሰው 96,000 ያለው ዕቃ 120,000 ሆኖበታል። የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ከተጨመሩበት በኋላ በአገር ውስጥ ገንዘብ በመሆኑ ቀረጥ ባለበት ሁሉ የምንዛሪው ለውጥ በቀረጡም ላይ ይደገማል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ምንዛሪ ፍላጎትን አይፈጥርም፤ ለቆየ ፍላጎት በር ይከፍታል እንጂ። በአኪሃባራ ሱቆችና በመጽሔቶቹ ገጾች ላይ የተዘጋጀ እውቀት ባይኖር ኖሮ የተወደደው የን ሌላ ዕቃ በገዛበት ነበር። ደግሞም በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ከ1971 እስከ 1985 ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ስላደገ በሁለት ዘመን የተጻፈን የዶላር ዋጋ እንዲያው በቁጥሩ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

፭. ዋጋው ተከፍሎ ዕቃው ከደረሰ በኋላ

መሣሪያው ወደብ ሲደርስ የገንዘቡ ሂሳብ ያበቃል፤ የመሐንዲሱ ሂሳብ ይጀምራል። አሜሪካዊው ማጉያ የተሠራው ለ117 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። የጃፓን የቤት መሥመር 100 ቮልት ሲሆን ድግግሞሹ በሁለት ይከፈላል፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ቶኪዮ የጀርመን፣ ኦሳካ የአሜሪካ ጄኔሬተር ስለገዙ ምሥራቁ እስከ ዛሬ 50 ኸርዝ፣ ምዕራቡ 60 ኸርዝ ነው።

ማጉያው እንዲያው በ100 ቮልት ቢሰካ የ6.3 ቮልቱ ማሞቂያ ወደ 5.4 ቮልት ይወርዳል፤ ካቶዱ በሚገባ ስለማይግል ቫልቩ ይደክማል። የትራንስፎርመሩ ብረት ልብ ግን አይጎዳም፤ የመግነጢስ ፍሰቱ የሚለካው በቮልትና በድግግሞሽ ንጽጽር ስለሆነ 117 ለ60 ሲካፈል 1.95፣ 100 ለ50 ሲካፈል 2.0 ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ ሦስት አይሞላም። በሌላ በኩል ቮልቱ በረዳት ትራንስፎርመር ወደ 117 ቢያድግ ማሞቂያው ልኩን ያገኛል፤ በቶኪዮ ግን ንጽጽሩ 2.34 ስለሚሆን ፍሰቱ ከመቶ ሃያ ይጨምራል፣ ልቡም ወደ ሙሌት ተጠግቶ ይግላል። በኦሳካ ይህ ችግር የለም። እንግዲህ በአንድ ዋጋ የተገዙ ሁለት ተመሳሳይ ማጉያዎች በሁለት ከተሞች የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው ነው።

በዚህ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየ ኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰር መድረቁ፣ የወረቀት ኮንደንሰር ማፍሰሱ፣ የካርቦን ተከላካይ ከልኩ መውጣቱ ይጨመራል። ረጅም ጉዞ ሲደረግ ቫልቮቹ ተነቅለው ለብቻቸው ካልታሸጉ፣ ከባዱ ትራንስፎርመርም ተደግፎ ካልታሰረ ሻሲው ይጣመማል። በርካሽ ምንዛሪ የተገኘው ትርፍ በጥገና ወጪ ሊበላ የሚችል መሆኑን ልምድ ያላቸው ገዢዎች በፍጥነት ተረዱ። ከማጉያው ጋር የወረዳ ንድፉን፣ የሙከራ ሠንጠረዡንና መለዋወጫ ቫልቭ አብረው መሰብሰባቸው ከዚህ የመጣ ነው።

፮. የመልስ ጉዞ

የዋጋው መናር በመጨረሻ ፋብሪካዎችን ቀሰቀሰ። የጃፓኑ ክላሪዮን ኩባንያ በ1990 ማኪንቶሽን ገዛ፤ ኤምሲ275ም በ1993 እንደገና ወጣ። ማራንትዝ በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀድሞዎቹን ሞዴሎች ቅጂ ሠራ። በ1988 ምርቱ የቆመው 300ቢ ቫልቭ በ1997 በቀድሞው የንግድ ስሙ ተመለሰ። ለመለዋወጫ የሚሆኑ ቫልቮችም ዛሬ በአብዛኛው ከሩሲያ፣ ከቻይናና ከስሎቫኪያ ይመጣሉ። ስለዚህ በአሮጌ ማጉያ ገበያ ውስጥ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው አንድ ምንዛሪ ብቻ አይደለም፤ ሣጥኑ በዶላር ወይም በየን ሲሸጥ ቫልቩ በሌላ አገር የገንዘብና የፖለቲካ ሁኔታ ይወሰናል።

በ2011 መጸው አንድ ዶላር 76 የን ገደማ ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተገለበጠ፤ በጁላይ 2024 አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ ደርሶ ታየ። በጃፓን 400,000 የን የሚጠየቅበት አንድ ማጉያ በ80 ሂሳብ 5,000 ዶላር ነበር፤ በ160 ሂሳብ 2,500 ዶላር ነው። በአንድ ወቅት ከአሜሪካ የወጡት መሣሪያዎች አሁን ከጃፓን ሱቆች በውጭ አገር ገዢዎች የሚፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነገር ግን የሚመለሰው መሣሪያ ያንኑ የሄደውን አይደለም። በጃፓን ባለቤቱ ለአርባ ዓመት ጠግኖታል፣ ለክቶታል፣ በእያንዳንዱ የተለወጠ ክፍል ላይ ማስታወሻ ይዟል። አሜሪካዊው ገዢ ዛሬ የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን አገሩ በጣለው ጊዜ ሌላው ለደከመበት ጥበቃ ጭምር ነው።

፯. ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

የየን ታሪክ ከእኛ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም የኢትዮጵያ ብር ከፌብሩዋሪ 1973 እስከ ኦክቶበር 1992 አንድ ዶላር በ2.07 ብር ሂሳብ ከዶላር ጋር ታስሮ ነበር። ብር ከዶላር ጋር አልተንቀሳቀሰም ማለት ግን ከሌላው ገንዘብ ሁሉ ጋር አልተንቀሳቀሰም ማለት አይደለም። መቶ የን በ240 ሂሳብ 86 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ በ122 ሂሳብ 1 ብር ከ70 ሳንቲም ሆነ። በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የተጻፈው የየን ቁጥር ሳይለወጥ ከጃፓን የሚመጣ የመለኪያ መሣሪያ፣ የራዲዮ ማሠራጫ ክፍል ወይም መለዋወጫ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በአገራችን የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ኒው ዮርክ በአንድ ሆቴል የተደረገው ስምምነት ግን ደረሰብን።

በኦክቶበር 1992 ዶላር 5 ብር ሆነ። ከጁላይ 2024 ወዲህም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ የመሣሪያ ግዢ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ የሚከተሉትን ሳይመረምር መፈረም አይገባውም፤ ዋጋው በየትኛው ገንዘብ ተጻፈ? የዋጋ ማቅረቢያው እስከ ስንት ቀን ይጸናል? በውልና በክፍያ መካከል የሚመጣውን ለውጥ የሚሸከመው ማን ነው? መለዋወጫውስ ከየትኛው አገር፣ በየትኛው ገንዘብ ይገዛል? እነዚህ ጥያቄዎች የሒሳብ ሹሙ ብቻ ተደርገው ሲቆጠሩ የኖሩ ናቸው። የቴክኒክ ምርጫው ራሱ ግን በእነርሱ ላይ ይቆማል፤ በርካሽ የተገዛ መሣሪያ መለዋወጫው በሚወደድ ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ አሮጌ መሣሪያ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ጊዜው አልፎበታል ተብሎ በክብደት ሊሸጥ የተዘጋጀ መሣሪያ አለ። ሁሉም ቅርስ ነው አንልም፤ አብዛኛው በእርግጥ ቁርጥራጭ ነው። ነገር ግን በዚያን ዕለት ባለው የምንዛሪ ዋጋ ርካሽ መስሎ የታየን ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ከመሸጡ በፊት ንድፉን ማስቀመጥ፣ የተሠራበትን ዓመትና ያገለገለበትን ቦታ መመዝገብ፣ አንዱን ለማስተማሪያ ማስቀረት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ይህን ባለማድረጋቸው ያጡት ብረትና መዳብ ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸውን መሐንዲሶች ሥራ እንደገና ለመማር ወደ ጃፓን መጽሔቶችና መዛግብት መሄድ ግድ የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

በዶላርና በየን መካከል ያለው ቁጥር ከ360 ወደ 76 ወረደ፣ ከ76 ወደ 160 ወጣ፤ ማጉያዎቹም በዚሁ ነፋስ ባሕሩን ወዲያና ወዲህ ተሻገሩ። የቮልት መለኪያ ይህን ነፋስ አያሳይም። ቢሆንም ነፋሱ ሲመጣ ማን እንደሚጠቀም የወሰነው ምንዛሪው ብቻ አልነበረም። ዶላር ሲረክስ ምን መግዛት እንዳለበት የሚያውቀው፣ ንድፉን ያነበበውና መጠገን የሚችለው ሰው ነው የተጠቀመው። ምንዛሪ በማናችንም እጅ አይደለም፤ እውቀቱና መዝገቡ ግን በእጃችን ነው፤ ሙያችንም የሚጠይቀን እነዚህን አዘጋጅተን እንድንጠብቅ ነው።